ዴልሂን በአንድ ቀን፦ በኮንትራት መኪና ለሚጎበኙ ወገኖች ጥያቄና መልስ

ለትምህርት ዴልሂ ከመጣሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ዓመታት ለሕክምና፣ ለንግድና ለትምህርት የሚመጡ ወገኖችን እየተቀበልሁ ከተማዋን ሳሳይ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ የአንድ ቀን ጉብኝት የሚሰምረውም የሚበላሸውም መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ገና በዋዜማው ማታ ነው። ዕለቱ ሰኞ ይሁን ዓርብ አለማጤን፣ ከሹፌሩ ጋር ስለ ኪሎ ሜትር አለመነጋገር፣ ሰባት ቦታ ለአንድ ቀን ማጨቅ፤ ያየሁት ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ከሦስቱ የመጣ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች፣ ሰዓቶቹን ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴን ለጉልበት ሕክምና ይዤ ሳኬት አካባቢ አርፈናል። ቀጣዩ ቀጠሮ ማክሰኞ ስለሆነ ሰኞን ነጻ ነን። እናቴ ብዙ መራመድ አይችሉም፤ ሆኖም ሕንድን በሆስፒታል ብቻ አይተው እንዲመለሱ አልፈልግም። ምን ላሳያቸው?

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ቀኑ ሰኞ መሆኑ ምርጫውን ግማሽ በግማሽ ይወስንልዎታል፤ ቀይ ግንብ፣ የባሃኢዎቹ የሎተስ ቤተ ጸሎት፣ አክሻርዳም የሚባለው የሂንዱ ቤተ መቅደስና ብሔራዊ ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ናቸው። ቁጥብ ሚናርና የሁማዩን መቃብር ግን በየቀኑ ክፍት ናቸው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከሳኬት ቅርብ ነው።

ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐዩም ሰዉም ሳይበረታ ቁጥብ ሚናር ይድረሱ። ወደ 73 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው፣ ግንባታው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የተጀመረ ማማ ነው። በውስጡ ያለው ደረጃ በ1981 ብዙ ተማሪዎች በመረጋገጥ ካለቁበት አደጋ ወዲህ ለጎብኚ ስለተዘጋ ሁሉም ሰው የሚያየው ከሥር ቆሞ ነው፤ እናትዎ መውጣት ባለመቻላቸው የሚቀርባቸው ነገር የለም። ግቢው አብዛኛው ሜዳ ነው። እዚያው ቆሞ የሚታየውን ከ1,600 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ የብረት ምሰሶም ያሳዩዋቸው፤ በብረቱ ውስጥ ያለው የፎስፈረስ መጠን ከፍ ያለ በመሆኑ ላዩ ላይ መከላከያ ስስ ሽፋን ስለፈጠረ ይህን ሁሉ ክረምት ችሎ ዝገት ሳይበላው ቆይቷል።

ከዚያ ወደ ሁማዩን መቃብር ይሂዱ። ይህ መቃብር ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ሁለተኛ ንጉሥ ሁማዩን ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ያሠራችው ሲሆን ታጅ ማሃል ከመታነጹ ከስድሳ ዓመት በላይ ቀድሞ የተጀመረ ነው። ወደ መቃብሩ መደብ የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለና ለጉልበት አስቸጋሪ ስለሆነ እናትዎ ከአትክልቱ ሥፍራ ሆነው ቢያዩት ይበቃል፤ ውበቱ እንደሆነ ከሩቅ ይበልጣል። አጠገቡ ሰንደር ነርሰሪ የሚባል ሰፊ የመናፈሻ ቦታ አለ፤ ምሳና ዕረፍት እዚያ ይሁን። አመሻሽ ላይ ሕንድ በር የሚባለውን፣ በ1931 የተመረቀውን 42 ሜትር የጦር መታሰቢያ ቅስት ከመኪና ሳይርቁ ያሳዩዋቸውና ወደ ማረፊያችሁ ተመለሱ። ቁጥብ፣ ሁማዩን፣ ሕንድ በር፤ አራተኛ አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ከሹፌር ጋር ስዋዋል ምን ምን መናገር አለብኝ? ባለፈው ጊዜ ከተስማማሁበት ዋጋ እጥፍ ሊባል የሚችል ከፍያለሁ።

መልስ፦ በሕንድ ከተሞች የቀን ኮንትራት በብዛት የሚታሰበው «8 ሰዓት፣ 80 ኪሎ ሜትር» በሚል ጥቅል ነው። ከሁለቱ አንዱ ካለፈ ትርፉ በሰዓት ወይም በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ይጨመራል። ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው እርስዎ ከተሳፈሩበት ሳይሆን መኪናው ከሚያድርበት ቦታ ከተነሣ ጀምሮ፣ ወደዚያው እስኪመለስ ሊሆን ይችላል። ጋራዡ ከዴልሂ አጠገብ ባለችው ኖይዳ ከተማ፣ እርስዎ ደቡብ ዴልሂ ከሆናችሁ፣ ገና አንድም ሐውልት ሳያዩ ብዙ ኪሎ ሜትር አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር፣ ትርፍ ሰዓትና ትርፍ ኪሎ ሜትር በስንት እንደሚታሰብ፣ የመኪና ማቆሚያና የመንገድ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መግባቱን ወይም አለመግባቱን በጽሑፍ መልእክት ይቀበሉ። ጠዋት ሲሳፈሩ የመኪናውን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ሹፌሩ ሲያነሡ ማየቱ ራሱ ግማሽ ውል ነው። ለኪራይ የተፈቀደለት መኪና ቢጫ ታርጋ ስላለው ነጭ ታርጋ ለጥፎ የሚመጣውን አይሳፈሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሱቅ ነው። «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ማየት ነጻ ነው» ተብለው ምንጣፍ ቤት ወይም ጌጣጌጥ ቤት ከተወሰዱ ለሹፌሩ ኮሚሽን እንዳለው ይወቁ። አልፈርድበትም፤ የቀን ገቢው ትንሽ ነው። ነገር ግን እርስዎ የሚከፍሉት በዋጋው ላይ ተጨምሮ ስለሆነ፣ ከመነሣትዎ በፊት «ሱቅ አንሄድም፤ ማታ ጉርሻዬን ከእኔ ታገኛለህ» ብሎ መንገር ለሁለታችሁም ይሻላል። «ብሃያ»፣ ማለትም «ወንድሜ» ብለው ቢጠሩት ደግሞ ንግግሩ ይለሰልሳል።

ሦስተኛው የእኛው ጣጣ ነው። አንድ ጊዜ ለእንግዶቼ መኪና ሳዝዝ በአማርኛ እያሰብሁ በእንግሊዝኛ «ሁለት ሰዓት» ብዬ አረፍሁት። ሽማግሌዎቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ሹፌሩ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፈገግ ብሎ መጣ። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ። ለጠዋት 2 ሰዓት በእነርሱ አነጋገር «ስምንት» እንደሚባል፣ የእጅ ሰዓትዎንም ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ፊት መግፋት እንዳለብዎ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ሹፌሩ ራሱ ያስጎበኘኛል ወይስ አስጎብኚ ለብቻ ልቅጠር?

መልስ፦ ሹፌሩ ሹፌር ነው፤ ወደ ቅርሶቹ ግቢ ገብቶ የማስረዳት ፈቃድ የለውም። ታሪክ ለሚወድ ሰው ፎቶ ያለበት የመንግሥት መታወቂያ ያንጠለጠለ አስጎብኚ ለግማሽ ቀን መቅጠር ዋጋ ያለው ነገር ነው። በር ላይ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» የሚልዎትን ግን እስከ ትኬት መስኮቱ ሄደው ሳያረጋግጡ አይመኑ። የቱሪስት ቢሮ ነን የሚሉ ሐሰተኛ ቤቶችም መሀል ከተማ ላይ አይጠፉም፤ የመንግሥቱ ቢሮ ያለው ጃንፓት መንገድ ቁጥር 88 ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ዴልሂ በመኪና ማየት ይቻላል? የቅመም ገበያውን ማየት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ መኪናው እስከ ዳር ድረስ ብቻ ነው የሚያደርስዎት። የሙጋሉ ንጉሥ የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስነደፈችው የቻንድኒ ቾክ ዋና መንገድ ከ2021 ወዲህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ለሞተር ተሽከርካሪ ዝግ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ በእግር ወይም በሰው ኃይል በሚነዳ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነው። (እኛ ባጃጅ የምንለውን እነርሱ «አውቶ» ይሉታል፤ ባጃጅ የፋብሪካው ስም ነው።) በመንገዱ ምዕራባዊ ጫፍ ካሪ ባኦሊ የሚባለው የጅምላ ቅመም ገበያ አለ። በርበሬው በጆንያ ተራ ተራ ተደርድሮ ሲያዩት መርካቶ የገቡ ይመስልዎታል፤ ማስነጠሱም ያው ነው። ኮረሪማ ግን አይፈልጉ፤ የሚያገኙት የእነርሱን ሄል ነው።

እሑድ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ ለገበያ አይመችም፤ ለእግር መንገድ ግን ጸጥ ያለ ነው። በ1656 የተጠናቀቀው ጃማ መስጊድ በእግር ቅርብ ሲሆን በጸሎት ሰዓት፣ በተለይም ዓርብ ቀትር ላይ ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ አይከፈትም። ጫማ ይወልቃል፤ በበጋ ድንጋዩ እሳት ስለሆነ ካልሲ ይያዙ። ሴቶች ነጠላ ቢይዙ እዚህም ይጠቅማቸዋል፤ ወንዱም ሴቱም ራሱን መሸፈን ያለበት የሲኮቹ ባንግላ ሳሂብ ቤተ ጸሎት ሲገቡም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ በፍልሰታ ጾም ነው የምመጣው። ሕንድ አትክልት በሊታ አገር ናት ስለሚባል አልጨነቅም አይደል?

መልስ፦ በእርግጥ ሥጋ አጠገብዎ አይደርስም፤ የእነርሱ «ቬጅ» ግን የእኛ ጾም አይደለም። እንቁላል አይጨምርም፤ ወተት፣ እርጎ፣ ፓኒር የሚሉት አይብና ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤ ግን ሁሉ በውስጡ አለ። ምስር ወጣቸው እንኳ በመጨረሻ በቅቤ የሚቁላላበት ጊዜ አለ፤ ናን የሚባለው ዳቦ ብዙ ጊዜ በእርጎ ይቦካል። «ዱድ፣ ዳሂ፣ ጊ፣ ማካን ናሂ» ብለው አራቱንም (ወተት፣ እርጎ፣ ንጥር ቅቤ፣ ለጋ ቅቤ) በስማቸው ይጥሩ። ከሁሉ የሚያስተማምነው የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት ነው፤ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚሠራው ኢድሊ በእንፋሎት ስለሚበስል ቅቤ አይነካውም፤ ዶሳ ደግሞ በዘይት ጋግሩልኝ ማለት ይቻላል። ዶሳ ሲመጣልዎ ብርቅ አይሆንብዎትም፤ የቦካ ሊጥ በምጣድ ላይ ነውና። ጊዜው ደግሞ የዝናብ ወራት ነው። ነሐሴ 9 ቀን የነጻነት በዓላቸው ስለሆነ በዚያ ሰሞን ቀይ ግንብን አያስቡት፤ ለዝግጅቱ ሲባል ቀደም ብሎ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ታጅ ማሃልን በዚያው ቀን ጨምሬ ማታ ዴልሂ ብመለስስ?

መልስ፦ ታጅ ማሃል ያለው አግራ ነው፤ ከዴልሂ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2012 በተከፈተው ፈጣን መንገድም ቢሆን ደርሶ መልሱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ይፈጃልና ለብቻው አንድ ቀን ይስጡት። ዓርብ ዝግ ነው።

ጥያቄ፦ ዴልሂ ላይ የዘጠኝ ሰዓት ትራንዚት አለኝ። ወጣ ብዬ ልመለስ?

መልስ፦ አስቀድሞ የተሰጠዎ ቪዛ ከሌለ አይቻልም፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደደረሱ የሚሰጥ ቪዛ የለም። ቪዛ ካለዎት ቁጥብ ሚናርን ብቻ አይተው ይመለሱ፤ ከአየር ማረፊያው የሚቀርበው እርሱ ነው። ፓስፖርትና ትኬት ሳያሳዩ ወደ ተርሚናሉ ስለማያስገቡ ትኬቱን አትመው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ገንዘብን በተመለከተስ? ወንድሜ ከድሮ ጉዞው የተረፈ ሩፒ ሰጥቶኛል።

መልስ፦ አይተው ይያዙ። የድሮዎቹ ባለ 500 እና ባለ 1,000 ኖቶች በ2016 ዋጋ አጥተዋል፤ ባለ 2,000ውም በ2023 ከገበያ እንዲሰበሰብ ስለተወሰነ ሱቅ አይቀበልዎትም። አገሬው ሻይ እንኳ በስልክ ስለሚከፍል መልስ የሚሰጥዎ ያጣሉ፤ ባለ 50 እና ባለ 100 ያዘጋጁ። በታላላቆቹ ቅርሶች የውጭ ዜጋ ዋጋ 600 ሩፒ አካባቢ ነው፤ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር ልምጣ?

መልስ፦ የካቲትና መጋቢት። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ጥር ብርዱ ደስ ቢልም ጭሱ ይከብዳል፤ የፑንጃብና የሃሪያና ገበሬዎች የሩዝ ገለባ ያቃጥላሉ፣ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ጭሱን ከመኪናው ጭስ ጋር መሬት ላይ ያፍነዋል። አስም ያለበት ሰው በዚያ ወቅት ለጉብኝት ባይመጣ እመርጣለሁ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ስለ ሕንድ ሐበሾች አንብቤያለሁ። ዴልሂ ውስጥ የሚታይ የእነርሱ አሻራ አለ?

መልስ፦ የጎላው አሻራ ከዴልሂ ውጭ ነው፤ አህመዳባድ ላይ ሲዲ ሰዒድ የተባለው ሐበሻ በ1573 ያሠራው መስጊድ በድንጋይ ላይ በተፈለፈለ የዛፍ ሐረግ መስኮቱ ይታወቃል። የአውራንጋባድን ከተማ የቆረቆረው ማሊክ አምባርም ከእኛው አገር በባርነት የተወሰደ ሰው ነበር። ዴልሂ ላይ ያለው ስም ያቁት ነው። ያቁት ሐበሻ ባሪያ የነበረ ሲሆን ከ1236 እስከ 1240 ዴልሂን በገዛችው በሱልጣን ራዚያ ዘመን የፈረሶች ቤት አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ የቱርክ መኳንንቱን አስቆጣ፤ ባመፁባት ጊዜ እርሱን ገደሉት፤ እርሷም በዚያው ዓመት ተገደለች።

የራዚያ መቃብር ነው የሚባለው አሮጌው ዴልሂ ውስጥ፣ ከቱርክማን በር ገባ ብሎ፣ ቡልቡሊ ካና በሚባል ጠባብ ሰፈር ይገኛል። ሹፌሩ ላያውቀው ይችላል፤ መኪናም አይገባም። በሩ ላይ ወርደው የሰፈሩን ሰው «ራዚያ ሱልጣን» እያሉ ይጠይቁ። ቁጥብ ሚናርን ያስጨረሰው ኢልቱትሚሽ የራዚያ አባት ስለሆነ፣ የእርሱም መቃብር እዚያው ማማው ግቢ ውስጥ ስላለ፣ ጠዋት የአባቱን ከሰዓት የልጂቱን ማየት ይቻላል። በቤቶች መካከል ጣራ የሌለው ትንሽ ግቢና ሁለት የድንጋይ መቃብር ያገኛሉ። ሁለተኛው የእኅቷ ነው ይላሉ፤ የያቁት አይደለም።