ደብል ልግባ ወይስ ትምህርት ልጀምር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ነው የመጣሁት፤ አሁን ዜግነት ወስጃለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አራት። አባታቸው ጥሎን ሌላ ስቴት ከሄደ ወዲህ ምንም ልኮልን አያውቅም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) እሠራለሁ፣ ፉድ ስታምፕም (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) አገኛለሁ። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ግን «ትምህርት ከጀመርሽ ፉድ ስታምፑ ይቆረጣል፤ ደብል (በቀን ሁለት ፈረቃ) እየሠራሽ ዕቁብ ብትገቢ ይሻልሻል» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴቶች ደግሞ እርዳታ መቀበሌን እንደ ልመና ነው የሚያዩት። ምን ይመክሩኛል?

ሠ. ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ትምህርቱን ጀምሪ። እርዳታው ሳለ ጀምሪ። «መጀመሪያ ራሴን ልቻል፣ ከዚያ እማራለሁ» ያሉ ስንት እናቶች አውቃለሁ። ዛሬም ደብል ላይ ናቸው፤ ወገባቸው ግን እንደ ድሮው አይደለም። እኔም ልጄን ብቻዬን እያሳደግኩ በዚሁ በሜሪላንድ ነው ተምሬ ነርስ የሆንኩት።

የጓደኞችሽ ወሬ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ኮሌጅ ሃፍ ታይምና ከዚያ በላይ የሚማር ሰው ፉድ ስታምፕ የሚያገኘው በሕጉ ከተፈቀዱት ምክንያቶች አንዱን ሲያሟላ ነው። ይህን ግማሹን ሰምተው ነው «ይቆረጣል» የሚሉሽ። ከስድስት ዓመት በታች ልጅ የምታሳድግ ተማሪ ግን አይከለከልባትም። ትንሹ ልጅሽ ስድስት ሲሞላው ደግሞ ፉል ታይም የምትማሪ ከሆነ፣ ብቻሽን የምታሳድጊ እናት ስለሆንሽ፣ 12 ዓመት እስኪሞላው ይፈቀድልሻል። በሳምንት 20 ሰዓት እየሠራ የሚማርም እንደዚሁ። ኬዝ ወርከርሽ (ፋይልሽን የያዘችው የእርዳታ ቢሮ ሠራተኛ) «ተማሪ አይፈቀድለትም» ካለችሽ የልጅሽን ዕድሜ ንገሪያት። አሁንም እምቢ ካለች መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ይግባኝ የማለት መብት አለሽ። ደግሞ አስቢው፤ ገቢሽ ሲጨምር ፉድ ስታምፑን የሚቀንሰው ደብሉ ነው። ፔል ግራንት ግን እንደ ገቢ አይቆጠርብሽም።

ፔል ግራንት የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ነው። በ2025-26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። እንዳንቺ ብቻዋን ለምታሳድግ፣ ገቢዋም ዝቅተኛ ለሆነ እናት ሙሉውን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ከገባሽ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን ይሸፍናል። ከተረፈም በስምሽ ይሰጥሻል፤ ለመጽሐፍም ለቤቢሲተርም ይሆናል። ሌሎች አንባቢዎች ይህችን ልብ በሉ፦ አገር ቤት ዲግሪ የጨረሰ ሰው ፔል ግራንት አይሰጠውም። አንቺ ግን 12ኛ ክፍል ላይ ስላቆምሽ በሩ ክፍት ነው። ግሪን ካርድ ያላቸውም ለፔል ግራንት አምስት ዓመት መጠበቅ የለባቸውም።

ለአንቺ ቅርቡ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው። የነርሲንግ ትምህርቱ ያለው እዚያው ሰፈርሽ፣ በታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ አትውሰጂ። ብዙ ወስደሽ መሃል ላይ ካቋረጥሽ የፌዴራሉን ገንዘብ ልታጪ ትችያለሽ። ብዙ ኮሌጆች ከጀመርሽው ክሬዲት ሁለት ሦስተኛውን እንድትጨርሺና ውጤትሽ ከ2.0 እንዳይወርድ ይጠብቃሉ።

መቼ ላጥና እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔ የወጥ ቤቴ ቁም ሳጥን በር ላይ የአጥንት ስሞች የተጻፉበት ወረቀት በፕላስተር ለጥፌ ነበር። ሽንኩርት እያቁላላሁ አነባለሁ። ልጄ ሀ ሁን ሳይጨርስ ፌመር፣ ቲቢያ፣ ፊቡላ ማለት ቻለ። ጉልበቴን ነካ አድርጎ «ይሄስ ማሚ?» ይለኛል። ፓቴላ የሚለው ከጠፋኝ «አልቻልሽም፣ ድገሚ!» ብሎ ይቆጣኛል። የአናቶሚ ፈተናዬን ያለፍኩት በእሱ ነው ብል ማጋነን አይደለም። የስምንት ዓመቷን ልጅሽን እንዲህ ብታሳትፊያት የእናቷ ትምህርት የእሷም ይሆናል።

ወንዱን ሄድ ስታርት (ነፃ የመንግሥት ቅድመ ትምህርት ቤት) አስመዝግቢው። ፉድ ስታምፕ የሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ ለመግባት ብቁ ነው፤ ቦታው ግን ቶሎ ስለሚሞላ አሁኑኑ ጠይቂ። አምስት ዓመት እስኪሞላው ዊክም (ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጥ የምግብ እርዳታ) አለው።

አባትየውን በተመለከተ «ሽማግሌ ይግባ» የሚሉሽ አይጠፉም። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ የወር የልጅ ወጪ አያስከፍልም። ቻይልድ ሰፖርት ቢሮ አመልክቺ። ሌላ ስቴት መሄዱ አያድነውም፤ ስቴቶቹ ይተባበራሉ፣ ከደመወዙም ይቆረጣል። የሚያስፈራሽ ሰው ከሆነ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ፤ አድራሻሽ እንዳይገለጥ ማድረግ ይቻላል።

በጥሬ ገንዘብ የሚሰጠውን እርዳታ ግን በጥንቃቄ ያዢው። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት በፌዴራል ገንዘብ አንድ አዋቂ ሰው በዕድሜው የሚያገኘው ለ60 ወር ብቻ ነው። ክሊኒካል (ሆስፒታል ውስጥ የሚደረገውን የነርስ ልምምድ) ስትጀምሪ የሥራ ሰዓትሽ መቀነሱ አይቀርም፤ ብቁ ከሆንሽ ለዚያን ጊዜ አቆዪው።

ልመና ስለሚሉሽ ሴቶች ሳስብ ልቤ ያዝናል። የደመወዝ ቼክሽን ገልጠሽ እዪው፤ በየጊዜው ታክስ ይቆረጥብሻል። አዛውንት እያጠብሽ፣ እያነሳሽ፣ እያበላሽ ከምታገኚው ላይ ነው የሚቆረጠው። ለልጆችሽ ወተትና እንቁላል በካርድ ስትገዢ አንገትሽን የምትደፊበት ምንም ምክንያት የለም። እኔም ካሸሯ ሐበሻ ስትሆን ሌላ ሰልፍ እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዷ ካሸር ካርዴን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔም በዚሁ ነው የተማርኩት፣ በርቺ» አለችኝ።

አሁን ፋፍሳ (ፔል ግራንት የሚጠየቅበትን ቅጽ) ሙዪ። የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ ነው፤ ለማንም ገንዘብ እንዳትከፍዪ። ልጆችሽን የምታስተዳድሪው አንቺ መሆንሽን ስትገልጪ የወላጆችሽን ገቢ አይጠይቁሽም። ከዚያ ኮሌጁ ሄደሽ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ደረጃሽን አስለይ። የ12ኛ ክፍል ወረቀትሽን ማስገምገም ያስፈልግ እንደሆነም እዚያው ጠይቂ። የነርሲንግ መግቢያ ፈተናው ስትደርሺበት ጻፊልኝ፤ እንዴት እንደሚጠና እነግርሻለሁ።