የታችኛውን መስመር ማን ይሞላዋል?

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ ቡና ጠራችኝ። ልጇ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን አልፋለች። እናት «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ደግማ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። አቦሉ ሳይወርድ ልጅቷ አንድ የደብተር ቅጠል ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለችኝ። የምትመርጣቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ጽፋለች። ኦንላይን ከመሙላቷ በፊት ሰው እንዲያይላት ፈልጋ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት መስመሮች ተሰርዘዋል፣ ተደልዘዋል፣ ቀስት ተሰምሮባቸዋል። ከሰባተኛው ጀምሮ ግን ወረቀቱ ጸዳ። አንድ ስርዝ የለም። «ይሄስ?» አልኳት። «እሱን ከጓደኛዬ ነው የገለበጥኩት። መቼም እዚያ ድረስ አይወርድም ብዬ» አለችኝ።

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያ ንጹሕ ወረቀት ነው። የእኔን ዕድሜ የወሰነው እንደዚያ ያለ መስመር ነውና።

እኔ ማትሪክ የተፈተንኩት በ1976 ዓ.ም. ደሴ ላይ ነው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት የአዲስ አበባና የአስመራ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ኮሌጆችና ኢንስቲትዩቶች ናቸው። ቅጹ ሲመጣ አንደኛ ሕክምና፣ ሁለተኛ ምህንድስና ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታች ያለውን የሞላልኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ቸኩለናል። ቅጹን የሚሰበስቡት መምህርም «የታቹን ዝም ብላችሁ ሙሉት» ብለውናል። ምደባው ሲወጣ ስሜ የተገኘው ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ላይ ነው።

አባቴ የኩታበር ገበሬ ነበር። ስነግረው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ከሞፈር ትገላገል ብዬ ባስተምርህ፣ ሞፈር ልትማር ትሄዳለህ?» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በሄድኩበት ዓመት፣ በ1977፣ ወሎን ረሃብ መታት። ክረምት ስመለስ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱም አልነበረም። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ «እና ምን ተማርክ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። አፈርን በወጉ መማር የጀመርኩት ከዚያ ጥያቄ በኋላ ነው። ተመርቄ ከመጣሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በወሎ ገደልና ዳገት ላይ እርከን ሳሠራ፣ አፈር ስለካ ኖርኩ። ሲሪንቃ የምርምር ማዕከል ድርቅ የሚቋቋም ማሽላ ሲያወጣ ዘሩን ይዤ ቆላ ለቆላ ዞሬያለሁ። ሥራዬን ወደድኩት። ዛሬም እወደዋለሁ።

ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው የትም ቢመድቡን ያው ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ከደሴ አብሮኝ የሄደ ሌላ ልጅ ነበር። እሱም ሳያስብበት በሞላው መስመር ነው ዓለማያ የደረሰው። ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነበር፤ ሒሳብ ላይ የሚደርስበት አልነበረም። ዓመቱ ሳይሞላ ጥሎ ተመለሰ። እኔን የያዘኝ የአባቴ ጥያቄ ነው። እሱን የሚይዘው ነገር አላገኘም። በዕድል የተረፈ ሰው መንገዱን ለሌላ ሰው አያሳይም፤ እኔም የራሴን መንገድ አላሳያችሁም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። አሁን የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ የጋራ ኮርስ ትወስዳላችሁ። ዲፓርትመንት የምትይዙት ከዚያ በኋላ፣ ባመጣችሁት ውጤትና ባለው ቦታ ነው። ብዙ ልጆች ይህን የሚያስቡት ግቢ ከገቡ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ግን አብራችሁ የምትመርጡት የሚወዳደሯችሁን ልጆች ጭምር ነው። ስሙ የገነነ ግቢ ከመላ አገሪቱ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ይሰበስባል። የምትፈልጉት ዲፓርትመንት 50 ልጅ ብቻ የሚወስድ ከሆነና 300 ልጅ ከፈለገው፣ እናንተ ከ50ዎቹ ውስጥ ትገባላችሁ? ካልገባችሁስ፣ እዚያው ግቢ የሚቀራችሁ ዲፓርትመንት ምንድን ነው? ያንን ለመማር ዝግጁ ናችሁ? በትልቅ ስም ግቢ ያልፈለጉትን ከመማር፣ ብዙ በማይወራለት ግቢ የፈለጉትን መማር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቅጥር ኮሚቴ ላይ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን የግቢ ስም አይተን እናልፋለን። ልጁ አፉን ሲከፍት ግን ሥራውን ይወደው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። ያልወደዱትን ትምህርት ይዞ ለዚያ ፈተና መቀመጥ ከባድ ነው።

የምትፈልጉት ትምህርት እዚያ ግቢ መኖሩንም አረጋግጡ። ይህ የሚጠፋ ነገር አይመስልም፤ ግን በየዓመቱ የሚጠፋበት ልጅ አገኛለሁ። ሕክምና ሁሉም ጋ የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የአዳማውና የአዲስ አበባው፣ የሚቀበሉት በራሳቸው ፈተና ነው። ለእነዚህ ማመልከቻ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ ማስታወቂያቸውን ከራሳቸው ገጽ ላይ ተከታተሉ።

ስለ ቅርብና ሩቅ ልናገር። ደሴ ላይ ሁለት ዓይነት ልጅ አያለሁ። አንደኛው «ወሎ ከተማርኩማ ምኑን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ይላል። ሁለተኛው ከእናቱ እንዳይርቅ ብቻ ወሎን አንደኛ ይጽፋል። ለሁለቱም ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ እዚያ ግቢ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ምህንድስናው ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ የሐረጎን ዳገት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ለሚማር ልጅ ፋብሪካውም የኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ልምምድ ፍለጋ አገር አያቋርጥም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢዎች አሉት። በሌላ በኩል በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ የወሎና የወልድያ ግቢዎች ተዘርፈዋል። ስለዚህ ቤተ ሙከራው ዛሬ ምን ላይ እንዳለ የዛሬውን ተማሪ ጠይቁ። እኔ የማውቀው የትናንቱን ነው። የመንገድ ሁኔታም ይታሰብ። ልጁ መንገድ ተዘግቶበት ለበዓል ያልመጣበት ቤት በየሰፈሩ አለ። የእናት ጭንቀት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከቁም ነገር ቆጥራችሁ ተነጋገሩበት።

መጠየቅ ስል ደግሞ ሰው ፈልጉ ማለቴ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን «ምርጥ አሥር» ዝርዝር ማን እንደጻፈው አታውቁትም። የሰፈራችሁ ልጅ ግን ጅማ አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ ጎንደር አለ። ለዕረፍት ሲመጣ ፒያሳ ሻይ ጋብዙት፤ ካልመጣም ደውሉለት። «ግቢው እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «አሪፍ ነው» ብሎ ይገላገላችኋል። ፍሬሽማን ሲጨርስ የፈለገውን ዲፓርትመንት አገኘ? ስንት ቢያመጣ ነው ያገኘው? መምህራኑ ክፍል ይገባሉ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ከእሱ በፊት የጨረሱት የመውጫ ፈተናውን አለፉ? አሁን እንደገና ቢመርጥ ምን ይጽፋል? በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጠይቁ ፊቱን እዩት። አንድ ሰው ብቻ ሰምታችሁም አትወስኑ፤ አንዱ ያኮረፈ፣ አንዱ የተመቸው ሊሆን ይችላል።

የጤና ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለባችሁ ማስረጃችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ። ምደባ ከወጣ በኋላ መሯሯጥ ያደክማል።

ለወላጆችም አንድ ነገር አለኝ፤ በጸጸት ነው የምናገረው። የመጀመሪያ ልጄን «ጤና ካልሆነ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ እንዳትይኝ» አልኳት። እሷ ሒሳብ መዝገብ ነበር የምትወደው፤ የሰፈራችንን ዕቁብ ደብተር በአሥራ አምስት ዓመቷ ትይዝ ነበር። ቃሌን አክብራ ነርስ ሆነች። ጎበዝ ነርስ ናት፤ በሽተኞቿ ይወዷታል። ነገር ግን ከሌሊት ተረኛ ስትመለስ ፊቷን ባየሁ ቁጥር ያ ደብተር ትዝ ይለኛል። እሷ አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም።

ያላለፋችሁ ልጆች ደግሞ ይህ ደብዳቤ አይመለከተንም አትበሉ። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ያላለፈው ብዙኃኑ ነው ማለት ነው። ሪሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ የሚደርሳችሁ አላችሁ፤ ቴክኒክና ሙያ የምትገቡ አላችሁ። እዚያም ስትሄዱ ዘርፉን ጓደኛ አይምረጥላችሁ። አብሽሩ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ቶናውን እየጠጣን ከሰባተኛው መስመር ጀምረን ወደ ታች ወረድን። በእያንዳንዱ ስም ላይ «እዚህ ቢደርስሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ? ሄደሽስ ምን ትማሪያለሽ?» እያልኩ ጠየቅኳት። ግማሹን አገሩ የት እንደሆነ እንኳ አታውቅም። አልተቆጣኋትም። እኔም በዕድሜዋ ዓለማያን በካርታ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። በረካው ሳይደርስ ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ማክሰኞ ማታ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ሰባተኛውንና ዘጠነኛውን አቀያየርኳቸው። ስምንተኛው ጋ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ አለች፣ አናግሬያታለሁ። አሥራ አንደኛውን የሚያውቅ ሰው ግን አጣሁ» ይላል። የዱሮ ባልደረባዬ ልጅ እዚያ እንደሚያስተምር ትዝ አለኝ። መነጽሬን ፈልጌ ቁጥሩን አወጣሁና ደወልኩለት።