መጨረሻውን እያወቅሁት ለምን አየዋለሁ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ማታ ማታ ሥራዬን ስጨርስ ኪሮሼን ይዤ ቴሌቪዥን ፊት እቀመጣለሁ። የምከፍተው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ የድሮ ተከታታይ ድራማ ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሚገባ፣ ገብቶም ምን እንደሚል ከተዋናዩ ቀድሜ በከንፈሬ እለዋለሁ። ባለቤቴ «ዛሬም እሱን ነው?» ይለኛል።

ባለፈው እሱ የመረጠውን አዲስ ፊልም ከፈትን። ንግግሩ በማላውቀው ቋንቋ ስለነበር ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም ሳነብ ቁጥሬ ተምታታብኝ። በማግስቱ በብርሃን ሳየው ዳንቴሉ ባንድ ጎኑ ተጨማዷል። አራት ረድፍ ተረተርኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ አሮጌው ተመልሻለሁ። አእምሮዬ አዲስ ነገር መቀበል አቅቶት ይሆን? ወይስ ስንፍና ነው?

ዳንቴል ሠሪዋ

መልስ፦

እህቴ፣ ስለ አራቱ ረድፍ ሳነብ አንጀቴን በሉት። እኔም ጥልፍ በሞከርኩበት ሰሞን የወንጀል ምርመራ ድራማ አይ ነበር፤ ገዳዩ ሲያዝ ጨርቁን ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼው ተገኘሁ።

አእምሮዎ ደህና ነው። ኪሮሽ እጅን፣ ዓይንንና ቁጥርን ይይዛል፤ የሚተርፈው ጆሮ ብቻ ነው። አዲስ ድራማ ደግሞ ዓይንን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ማን ማንን ገላምጦ እንደወጣ ካመለጠዎ ነገሩ ሁሉ ይጠፋብዎታል። የለመዱትን ግን በጆሮዎ ያዩታል። ድምፁን ሲሰሙ ፊቱ ይመጣልዎታል፤ ቀና የሚሉት የሚወዷት ቦታ ስትደርስ ብቻ ነው። መጨረሻውን ማወቅዎም ደስታውን አይቀንሰውም። ጆናታን ሌቪት እና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የአጫጭር ልቦለዶች መጨረሻ አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ታሪኮቹን ካልተነገራቸው ይልቅ ወድደዋቸዋል። ስንፍና ለሚለውማ ዳንቴሉ ራሱ ይመስክር!

እኔን ያሳሰበኝ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው። ባለቤትዎ «ዛሬም እሱን ነው?» ሲሉ የጠሉት ድራማውን ብቻ አይመስለኝም። አንድ ማታ አብረን እንይ ብለው ፊልም መረጡ፤ እርስዎ ረድፍ ሲቆጥሩ አመሹ። ቢቀየሙ አልፈርድባቸውም።

በሳምንት አንድ ማታ ኪሮሹን አስቀምጠው እሳቸው የመረጡትን ይዩ። እጅዎ ባዶውን መቀመጥ እምቢ ካለ፣ አበባ የሌለበት፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ሻርፕ ይጀምሩ፤ እሱ ያን ያህል ቁጥር አይፈልግም። ዳንቴሉ የአሮጌው ድራማ ድርሻ ይሁን። በየአሥሩ ረድፍ ደግሞ ቀለሙ የተለየ አጭር ክር ይሰሩበት፤ ቁጥሩ ቢጠፋብዎ እንኳ መልሰው የሚቆጥሩት ከዚያች ክር ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።