መልስ፦ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ 8,000 ዶላር ይመለሳል ወይ?

እህቴ፣ «ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ የመጀመሪያ ቤታችንን ልንገዛ ነው፤ መንግሥት በታክስ 8,000 ዶላር ይመልሳል የሚባለው እውነት ነው?» ላልሽው፣ አሁን የለም። እሱ የቤት ገበያው ሲወድቅ በ2009 የወጣና በ2010 የተዘጋ ነው። ያንን ብር አስባችሁ ውል እንዳትፈርሙ፣ አደራ።

የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ወለድ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ይቀነሳል የሚለው እውነት ነው፤ ግን ሒሳቡን እዪው። 350,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ብትበደሩ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ወደ 22,600 ይሆናል። የንብረትና የስቴት ገቢ ታክስ አንድ ላይ 9,000 ቢመጣ ድምሩ 31,600 ነው። ለ2025 አብረው ፋይል የሚያደርጉ ባልና ሚስት ግን ቤት ባይኖራቸውም 31,500 ይቀነስላቸዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ስለምትመርጡ፣ በቤቱ ምክንያት ተጨማሪ ከገቢያችሁ የሚቀነስላችሁ 100 ዶላር ብቻ ነው። «ታክስ ስለሚመለስ ወርሃዊ ክፍያው አይከብዳችሁም» የሚላችሁን አትስሙ።

የሚጠቅማችሁ ሌላ ነው። ሁለታችሁም በሜሪላንድ የምትኖሩበት ቤት ኖሯችሁ የማያውቅ ከሆነ፣ ቤቱ ከሻጭ ወደ ገዢ ሲዛወር የሚከፈለው የስቴቱ ትራንስፈር ታክስ ከ0.5 ወደ 0.25 በመቶ ይወርዳል፤ እሱንም የሚከፍለው ሻጩ ነው። ለዚህ በክሎዚንግ (ግዢው በሚጠናቀቅበት) ቀን የምትፈርሙት የቃለ መሐላ ወረቀት አለ፤ የባለቤትነት ዝውውሩን የሚያስፈጽመውን የታይትል ድርጅት ቀድማችሁ ጠይቁ። ከአይአርኤም (ከግል የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ) እያንዳንዳችሁ እስከ 10,000 ዶላር፣ ከጡረታ ዕድሜ በፊት ለሚያወጣ ሰው የሚጣለው 10 በመቶ ቅጣት ሳይኖር ማውጣት ትችላላችሁ፤ ከመደበኛው አይአርኤ ከሆነ የገቢ ታክሱ ግን አይቀርም።

ቤቱ ከገባችሁ በኋላ የሆምስቴድ ክሬዲት (ለሚኖሩበት ቤት የሚሰጥ የንብረት ታክስ ቅናሽ) ማመልከቻ ሙሉ። አንዴ ብቻ ነው የሚሞላው፤ የቤቱ ግምት በድንገት ሲጨምር ታክሱ አብሮ እንዳይዘል ይገድብላችኋል። ብዙ ወገኖቻችን ሳይሞሉት ዓመታት ያልፋሉ።