በርጩማው የት ገባ?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት አናጢ ስልኩን አውጥቶ የሠራውን ኪችን አሳየኝ። ጣሪያ የሚነካ ካቢኔት ነው። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ መያዣ እንኳ የሌለው። እጁ ወርቅ ነው፣ አልዋሽም። «የቤቱ እመቤት ቁመታቸው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። እኔ ግን ያን ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቄ የሰው እጅ ተሰብሯል። ለእሱ ቆሜ ያልጨረስኩለትን ወሬ ቁጭ ብዬ ለእናንተ ልጻፈው።

ነገሩ ከሆነ 15 ዓመት አልፎታል። ቤቱ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው፣ ጣናን ተጠግቶ። ልጅቷ አረብ አገር ሆና ትልካለች፣ እናትየው ይኖሩበታል። «እስከ ጣሪያ ይሁንልኝ፣ ዕቃ ሜዳ ላይ እንዳይቀር» አለችኝ በስልክ። ግድግዳውን ለካሁ። ማዕዘኑን በስኳድራ አየሁ። ወለሉን በውሃ ልክ ፈተሽኩ። እማማ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ሜትሩን ወደ እሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አላዞርኩም።

እኛ አናጢዎች ሁላችንም በምናውቀው ልክ ነው የሠራሁት። የታችኛው ካቢኔት ከነማርብሉ 90 ሴንቲ። ከዚያ እስከ ላይኛው ካቢኔት 50። የላይኛው ከ1 ሜትር ከ40 ይጀምራል ማለት ነው። መደርደሪያዎቹ በየ30 ሴንቲው ናቸው፣ ሦስተኛው 2 ሜትር ላይ አረፈ። እማማ ደግሞ 1 ሜትር ከ50 ናቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ 1 ሜትር ከ80 ቢደርሱ ነው። ያውም ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ቢቆሙ። ኪችን ውስጥ ግን ማርብሉ 60 ሴንቲ ወጥቶ ሆዳቸውን ይዟቸዋል። ወደፊት ሲንጠራሩ ቁመት ይቀንሳል።

20 ሴንቲ ጎደለ። እኔ ቆሜ ሁሉንም እደርሳለሁ፣ ስለዚህ አልታየኝም።

ላይኛው መደርደሪያ ላይ ምን ይቀመጣል? በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚወርድ ዕቃ። የበዓል ሰሃን፣ የእንግዳ ስኒ፣ የዶሮ ወጡ ትልቅ ድስት። የፋሲካ ዋዜማ ነበር። እማማ ድስቱን ሊያወርዱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ወጡ። ሴራሚኩ ገና ታጥቦ እርጥብ ነው። የወንበሩ እግር ሸሸ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋር፣ ከዚያ ሆስፒታል። የእጃቸው አንጓ ነው የተሰበረው።

ልጠይቃቸው ስሄድ «አይ ልጄ፣ እርጅና ነው» አሉኝ። እሳቸው ስለ እርጅና ሲያወሩ እኔ ካቢኔቱን እያየሁ ነበር።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የፖሊ ልጅ ነበር። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተ ነው፣ የእንጨት ሥራም ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነበር። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኗል። ይህ ሰው ወንበር ሲሠራ ኮላ ከመቀባቱ በፊት ደንበኛውን ያስጠራል። እንዲያው በደረቁ ገጣጥሞ ያስቀምጠዋል። እግሩ መሬት ነካ? ጉልበቱ የት ደረሰ? ያያል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይቆርጣል። እኔ ያን ሁሉ ሳይ ኖሬ፣ ለወንበር ብቻ የሚሠራ መሰለኝ።

ካቢኔቱን ዝቅ ማድረግ አይቻልም፣ ተሠርቶ አልቋል። ደረጃ ልግዛላቸው ብል ኪችኑ ጠባብ ነው፣ የሚቆምበት የለም። ከዚያ ዓይኔ ዞኮሎው ላይ ወደቀ። ከታችኛው ካቢኔት ሥር፣ የእግር ጣት እንዲገባ ወደ ውስጥ ሸሸት ብላ የምትታሸገው ጣውላ ናት። ከኋላዋ 12 ሴንቲ ከፍታ ያለው ባዶ ቦታ አለ። በየቤቱ ለበረሮ የምንተወው። በርጩማ እዚያ ይደበቃል አልኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን የሚያሳፍር ነበር። መሳቢያ ሠራሁ። ክዳኑ ጠንካራ፣ ሲሳብ የሚወጣ፣ እላዩ ላይ የሚቆሙበት። የመሳቢያው ሐዲድ ላይ 45 ኪሎ ይላል። ራሴ ወጥቼ ሞከርኩት። ሐዲዱ ቀጭ አለና ተጣመመ፣ ካቢኔቱም አፍንጫውን ደፋ። ደግነቱ እማማ አልነበሩም። የ45 ኪሎ ሐዲድ ሽንኩርትና ድስት ይሸከማል እንጂ ሰው አይሸከምም። ሰው ደግሞ እንደ ድስት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጫፉ ላይ ይረግጣል፣ ይንቀሳቀሳል። የሰው ክብደት በቀጥታ መሬት ላይ ማረፍ አለበት፣ በእግር በኩል። ሐዲዱ ሥራው ማስገባትና ማስወጣት ብቻ ነው። ይቺን እንኳ ካወቃችሁ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

ስለዚህ ሁለተኛውን የሚታጠፍ አደረግሁት። ይህን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ልኩ ካልተያዘ አይታጠፍም።

መርገጫው 54 ሴንቲ ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ስፋት። በሁለቱ ጫፍ ከሥሩ ባለ 2 ሴንቲ ውፍረት እንጨት ተለጥፏል። እግሮቹ ባለ 23 ሴንቲ ሳንቃ ናቸው፣ እዚያ እንጨት ላይ በማጠፊያ ይያዛሉ። ማጠፊያው በውስጥ በኩል ነው የሚመታው። ሲታጠፉ 23 እና 23፣ 46 ይሆናሉ፣ በመካከል ካለው 50 ሴንቲ ውስጥ ሳይነካኩ ይገባሉ። ወደ ውጭ መሸሽ አይችሉም፣ አናታቸው እንጨቱን ይገፋል። ወደ ውስጥ እንዳይታጠፉስ? ከመርገጫው የኋላ ጠርዝ ሥር ሌላ ሳንቃ በማጠፊያ አንጠለጠልኩ። እግሮቹ ሲቆሙ እሱ በመካከላቸው ይወርድና ይወጥራቸዋል፣ በትንሽ ቁልፍ ይያዛል። ሊታጠፍ ሲል መጀመሪያ እሱ ይነሳል፣ ባለ 2 ሴንቲዋ ክፍተት ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ እግሮቹ በላዩ ይታጠፋሉ። ተጣጥፎ 6 ሴንቲ ብቻ ይሆናል። ሲዘረጋ ከመርገጫው ውፍረት ጋር 27። የእማማ እጅ ከ1 ሜትር ከ80 ወደ 2 ሜትር ከ7 ወጣ ማለት ነው። ድስቱን በመዳፋቸው ይይዙታል፣ በጣት ጫፍ አይስቡትም።

ለመርገጫው ያረጀ የዋንዛ በር ተጠቀምኩ። እግሩ ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ነው። ችፑድ እንዳትሞክሩ። ብሎኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይለቃል። ደግሞ የእኛ ሰው ወለል የሚያጥበው ውሃ በባልዲ ደፍቶ ነው። ጠርዙ ያልታሸገ ችፑድ ውሃ ካገኘ ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም። የደንገል ታንኳ እንኳ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ዳር ወጥታ ፀሐይ ላይ ትደርቃለች። ከካቢኔት ሥር ያለውን ጣውላ ማን አውጥቶ ያደርቀዋል? ስለዚህ በርጩማው የሚተኛበትን ትሪ ከመሬት 2 ሴንቲ ከፍ አድርጉት።

ሐዲዱን ተውኩት። ሁለት የእንጨት መስመር አስገብቼ በጧፍ አሸሁት፣ ይኸው ነው። ዞኮሎዋ ራሷ የትሪው ፊት ሆነች። ከሥሯ የእግር ጣት የምታስገባ ጎድጎድ ያለች ቦታ ቆረጥኩ፣ ሳይጎነበሱ በእግር ይስቧታል። ለእግሮቹ ጫማ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ ለጠፍኩ፣ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ይነክሳል። መርገጫውን ቫርኒሽ አልቀባሁም። የእኔ ረዳት «ጋሼ፣ ለምን አናሳምረውም?» ብሎ ተከራከረኝ። የሚረገጥ ነገር አያብለጭልጭ። በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ዘይት ብቻ አጠጣሁት።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ለእናንተ ግን ሌላ ነው። ማንም የማያየው ሥራ ነው ብላችሁ በነጻ አትስጡት። መጀመሪያ ስትዋዋሉ ንገሯቸው፣ ዋጋው ውስጥ ይግባ። እንደኔ ከስብራት በኋላ ሲሆን ነው ነጻ የሚሆነው።

ስጨርስ እማማ እየዞሩ ፈለጉት። «በርጩማው የት ገባ?» አሉ። በእግሬ ሳብኩት። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። እኔም ኮራሁ። ለሁለት ወር ያህል ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ለሌላ ጉዳይ ጎራ አልኩ። ቡና ተቆልቷል፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። እማማ ረከቦቱ ፊት ተቀምጠዋል። ምን ላይ? በርጩማዬ ላይ። መደበቂያውን ብስበው ቀይ ሽንኩርት ተደርድሮበታል። «እዚያ እኮ ደረቅ ነው፣ አይበሰብስም» አሉኝ። በርጩማው ከተሠራ ጀምሮ ለአንድ ሌሊት ካልሆነ ገብቶ አያውቅም። ልክ ሊሆንላቸው የቻለውም አስቤበት አይደለም። 27 ሴንቲ ቡና ለሚያፈላ ሰው የሚመች ዱካ ከፍታ ነው፣ እኔ ያሰላሁት ግን ለድስቱ ነበር።

ትንሽ ከፋኝ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያን ሁሉ ማጠፊያ ለሽንኩርት ነው የደከምኩት? ሁለተኛው ስኒ ላይ ግን ሳቄ መጣ። ድስቱን የት እንዳስቀመጡት ጠየቅኋቸው። እላይ ነው አሉ። በርጩማው ሁልጊዜ ውጭ ስለሆነ፣ ሲፈልጉት እጃቸው ሥር ነው።

አሁን ኪችን ላሠራ የሚል ሰው ሲመጣ ሜትሬን ይዤ መጀመሪያ ወደ እመቤቲቱ ነው የምሄደው። እጅዎን ይዘርጉልኝ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ቡና የሚያፈሉት ምን ላይ ተቀምጠው ነው?