አሮጌ የእንጨት ዕቃ ስለማደስና ስለመቀባት፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ስለ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ጠይቁኝ። ቡፌ፣ ቁምሳጥን፣ ኮመዲኖ፣ ወንበር። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የድሮ ቀለም ያለበትን ዕቃ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። የድሮ ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ደግሞ ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ይጎዳል። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከጀሞ፦ ጋሼ፣ እናቴ የሰጠችኝ ቡፌ አለ። በጣም ጠቁሮ ሳሎኑን አጨለመብኝ። ነጭ ልቀባው አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ቀለም ልግዛ?

መልስ፦ ቀለሙን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ እንጨቱን እወቂው። አንዱን መሳቢያ አውጥተሽ ገልብጪው። ሥሩና ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ስለማይቀባ እውነተኛውን እንጨት እዚያ ታገኚዋለሽ። ጥጉን በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጊው። ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ጅማቱ ፍንትው ብሎ ከወጣ፣ ዋንዛ ሊሆን ስለሚችል አናጺ አሳዪው። ዋንዛ ከሆነ እባክሽ አትቀቢው! ዋንዛ ለሥራ የሚመች፣ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው። ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ከልክሏል። እናትሽ የሰጡሽን ዓይነት እንጨት ዛሬ ገበያ ወጥተሽ ልግዛ ብትይ ትቸገሪያለሽ።

ጥቁረቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእንጨቱ አይደለም። ያረጀ ቫርኒሽ፣ ጭስና የእጅ ወዝ ነው። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቢው። ውኃ አታፍሺበት፣ ወዲያው አድርቂው። ከዚያ ቫርኒሹን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ220 ጅማቱን ተከትለሽ አንሺው። ጅማቱን አቋርጠሽ ከፈገፈግሽ ጭረቱ ኋላ ቫርኒሽ ሲነካው ይወጣል። ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ በስሱ ቀቢውና ሳሎንሽን እዪው።

ከአዳማ፦ እኔ የዋንዛ ቁምሳጥኔን አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ፣ አምሮበታል። ዕቃው የባለቤቱ ነው። ሰው የወደደውን ቢቀባ ምን ችግር አለው?

ከደሴ፦ ችግርማ አለው። አያቶቻችን ያሠሩትን እንጨት በቀለም መሸፈን ነውር ነው።

ከአዳማ፦ ነውሩ ለቁራሌው መሸጥ ነው። እኔ ቢያንስ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ለቁራሌው ከመስጠት መቀባቱ በስንት ጣሙ። ግን ቀለም ጅማቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት ትልቅ ጣጣ ነው። ቫርኒሽ ነገ ሐሳብ ብትቀይሩ ይነሳል። ቺፑድ ከሆነ የፈለጋችሁትን ቀቡ፣ አልከራከርም።

ከሐዋሳ፦ ኮመዲኖ ቀብቼ ቀለሙ እየተላጠ ነው። ለምን?

መልስ፦ ምን ቀባህ? በምን ላይ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ከሐዋሳ፦ ይቅርታ ጋሼ። ፎርማይካ ላይ ነው። ለግድግዳ የገዛሁት ፕላስቲክ ቀለም ተርፎኝ በቀጥታ ቀባሁት።

መልስ፦ ምክንያቱ ይኸው ነው። የግድግዳ ቀለም የሚያብለጨልጭ ገጽ ላይ አይቆነጥጥም። የተላጠውን አንሳ፣ ቅባቱን በሳሙና አጥፋ፣ ፎርማይካውን በ220 ደብዘዝ እስኪል አሸው። ከዚያ ለለስላሳ ገጽ የሚሆን ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ)፣ ከላዩ የእንጨት ቀለም።

ከባሕር ዳር፦ የትኛው ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ለምኑ? ከላይ ያለውን አንብብ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሽዬ፣ እዚህ አሜሪካ ሰው ግቢው ውስጥ ሲሸጥ ያገኘሁት ቀለም የተቀባ መሳቢያ አለ። ለልጄ ክፍል ነው። ፍቄ ልቀባው?

መልስ፦ ደረቁን እንዳትፍቂው! አሜሪካ ሊድ ያለበትን የቤት ቀለምና እንዲህ ያለ ቀለም የተቀባ የቤት ዕቃ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ሊድ አለበት ብለሽ ተነሺ። የቤት መሥሪያ ዕቃ መደብሮች መመርመሪያ ይሸጣሉ። ሊድ ከተገኘበት ለልጅ ክፍል ይቅርብሽ። አገር ቤት ያላችሁም አትዘናጉ። የእኛ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ቤታችሁ ያለው አሮጌ ዕቃ ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። አጥብቆ የያዘ ቀለም ከሆነ አትንኩት፣ ከላዩ ቀቡ። ማሻሸት ግድ ከሆነ ውኃ የማይፈራውን ብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ፣ ጭቃውን በጨርቅ እየጠረጋችሁ ሥሩ። ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። ልጅና ነፍሰ ጡር አይቅረቡ።

ከጎንደር፦ የቆዳ ሶፋ እንዴት ይታደሳል?

መልስ፦ ሶፋ የኔ ሙያ አይደለም።

ከደብረ ብርሃን፦ በቫርኒሽ ፈንታ የተልባ ዘይት ይሆናል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ይሆናል፣ እንጨቱንም ያሞቀዋል። ግን ለምግብ የሚጨመቀው ጥሬ ስለሆነ ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በጨርቅ በስሱ ቀብተሽ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ያልመጠጠውን ጥረጊ። አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። የጠረግሽበትን ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ እንዳትጥዪ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ ታፍኖ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አስጪው፣ ወይም ውኃ የሞላ ጣሳ ውስጥ ንከሪው።

ከሳሪስ፦ ቀለሙን ጨርሻለሁ። የራሴ የሆነ ነገር ልጨምርበት ብዬ ጥለት አሰብኩ። በእጄ መሣል አልችልም።

መልስ፦ መሣል አያስፈልግም። ያረጀ የራጅ ፊልም ፈልግ። ከነጠላህ ጥለት አንዱን ቅርጽ ገልብጠህ በምላጭ ቁረጠው። መሳቢያው ላይ በፕላስተር አጣብቅ። ብሩሹን ጫፉን ብቻ ንከር፣ ትርፉን ጋዜጣ ላይ አራግፈህ ቀጥ አድርገህ ነካ ነካ አድርግ። ቀለም ካበዛህ በፊልሙ ሥር ሾልኮ ቅርጹን ያበላሸዋል። ሁሉንም መሳቢያ አትሙላ፣ አንድ መስመር ይበቃል። እጀታ ለመቀየር ምናለሽ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የሁለቱ ብሎን ቀዳዳዎች ርቀት ካልገጠመ አዲስ ልትበሳ ነው።

ከቦሌ፦ ቡፌ ለማስቀባት ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም።

ከመቐለ፦ ነጭ ቀለም ምን ልግዛ?

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው። እንጨቱን ሳትነግሩኝ ቀለም አልመርጥም።

ከአዲሱ ገበያ፦ ትናንት ቀብቼ ዛሬ ሲነካ ደርቋል። ሳህኖቹን ልመልስ?

መልስ፦ አትመልሺ። እጅ ላይ አልያዘም ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። በውኃ የሚቀጥነው ቀለም እስኪጠነክር ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ሳህን ከደረደርሽበት ነገ ስታነሺው ቀለሙን ይዞ ይነሳል። በሩን ገርበብ አድርገሽ ተይው። የግድ ካስፈለገሽ ከሳምንት በኋላ ቀላል ቀላሉን፣ ሥሩ ጨርቅ አንጥፈሽ።