አንድ ዝርዝር፣ ሁለት ስም

ልጆቼ፣

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በጀመራችሁ ሰሞን ሊስት፣ ማለትም ዝርዝር መያዣው፣ ቀላል ይመስላችኋል። ስሞችን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ትደረድራላችሁ፣ በአፔንድ ከመጨረሻ ትጨምራላችሁ፣ በሌን ትቆጥራላችሁ፤ በቃ። የቦታ ቁጥሩ ከዜሮ መጀመሩም ሁለት ቀን ያደናግርና ይለመዳል። እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነው።

በወጣትነቴ የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ነበርኩ። ሃያ አባል፣ በሳምንት 1,000 ብር። ደብተሩ ሰለቸኝና በፓይተን ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። «አባላት» የሚል ሊስት አዘጋጀሁ። ዕጣ ያልወጣላቸውን ለብቻ ለመያዝ ደግሞ «ቀሪዎች» ብዬ በእኩል ምልክት ከ«አባላት» ጋር አገናኘሁት። ዕጣ በወጣ ቁጥር ባለ ዕጣውን በሪሙቭ ከ«ቀሪዎች» አነሳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም አለፈ። በሁለተኛው፣ የሚሰበሰበው 19,000 ብር ነው አለኝ። የእቁቡ ዳኛ ደብተራቸውን ገለጥ አድርገው «ልጄ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ከመክፈል ነፃ ወጣ እንዴ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሊስቱን የገለበጥኩት መስሎኝ ነበር። እኩል ምልክቱ ግን አዲስ ሊስት አይሠራም፤ ላለው ሊስት ሌላ ስም ያወጣለታል እንጂ። ያው በቤት ማሙሽ፣ በክርስትና ገብረ ሚካኤል እንደሚባለው ልጅ ማለት ነው፤ ማሙሽ እግሩን ከተሰበረ ገብረ ሚካኤል ኳስ አይጫወትም። እኔም ባለ ዕጣውን ከ«ቀሪዎች» አነሳሁ ስል ከ«አባላት»ም አንስቼዋለሁ። መድኃኒቱ ኮፒ የምትለዋ ትእዛዝ ናት፤ ለሊስት የመጣችው በ2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ከሊስቱ ስም ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሁለት ነጥብ ብቻ እየጻፍን እንገለብጥ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። ብቻ ሊስት በሊስት ውስጥ ካስቀመጣችሁ ተጠንቀቁ፤ ኮፒ የምትገለብጠው የላይኛውን ነው፣ የውስጦቹ እንደ ጋራ ይቀራሉ። ያኔ የውስጦቹንም የሚገለብጠው ዲፕኮፒ ያስፈልጋችኋል።

ሌላው፣ ሊስቱን አንድ በአንድ በሚያዳርሰው በፎር እየዞራችሁ ከዚያው ሊስት ላይ ሰው አታንሱ። ያልከፈሉትን እናውጣ እንበል፤ አለሙና ከበደ ተከታትለው ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም አልከፈሉም። አለሙ ሲነሳ ከበደ ጠጋ ብሎ የአለሙን ቦታ ይይዛል። ፎሩ ግን ያንን ቦታ አይቻለሁ ብሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ከበደም ሳይጠየቅ ያመልጣል። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አይወጣም። ይልቅ የከፈሉትን ወደ አዲስ ሊስት ልቀሟቸው።

ሶርት የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ያለውን ሊስት እዚያው በቅደም ተከተል ደርድሮ ኖን፣ ማለትም «ምንም»፣ ይመልሳል። ውጤቱን መልሳችሁ በሊስቱ ስም ከያዛችሁት በእጃችሁ የሚቀረው ኖን ብቻ ነው። አዲስ የተደረደረ ሊስት ከፈለጋችሁ ሶርትድ አለላችሁ።

ስሞቹ በአማርኛ ሲሆኑ የሚመጣውን ጣጣ ግን የእንግሊዝኛ መማሪያዎች አይነግሯችሁም። ፓይተን ፊደል የሚደረድረው በዩኒኮድ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል በያዘው ቁጥር ነው። በዚያ ሰልፍ አልፋው አ ቀድሞ ይመጣል፣ ከዚያ ከ፣ ከዚያ ወ፤ ዓይኑ ዐ ከነሱ በኋላ ነው። ስለዚህ «አለሙ» እና «ዓለሙ» ጎን ለጎን አይቆሙም፤ ከበደና ወርቁ መካከላቸው ይገባሉ። አንድ ስም ሊስቱ ውስጥ መኖሩን በኢን ስትፈልጉም ያው ነው፤ «ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበን ሰው በ«ሀይሉ» ብትጠሩት የለም ይላችኋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለማሽኑ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች።

እኔ የማደርገው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የምታመጣ ትንሽ ፈንክሽን (የራሴን ትእዛዝ) ጽፌ፣ በምን እንደሚደረድር በሚነገርበት በኪ በኩል ለሶርትድ መስጠት ነው። ለፍለጋም ሁለቱንም ወገን በሷ አሳልፌ አወዳድራለሁ። ሊስቱ ውስጥ ያለውን ስም ግን አልነካም። ዓለሙን በአልፋው አ ጽፌ ደረሰኝ የሰጠሁት ቀን ምን እንዳለኝ እስካሁን አልረሳሁትም።